ሕመምተኛዋ እስክትወጣ

ጸጉር ሠሪዋ ድሮ ጠዋት የሚባል ነገር አልነበራትም፤ የነበራት ግርግር ነው። ዓይኗን ከገለጠችበት ደቂቃ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ያሴርባት ነበር። ጫማዋ አንዱ አልጋ ሥር፣ ሌላው በር ኋላ፤ ቁልፏን ፈጣሪ ይወቀው። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጸጉር የምታሳምር ልጅ የራሷን የምታስረው መንገድ ላይ እየሮጠች ነው። "ሻርፔን ማነው የወሰደው?" ብላ ስትጮኽ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ ከአልጋቸው ይነሱ ነበር። በዕድሜ ትንሽ፣ በነገር ግን ብዙ የሚበልጣት መካኒኩ ወንድሟ "የሰፈሩ ሳይረን ተነፋ፤ ሰዓታችሁን አስተካክሉ" ይላል።

ቀልዱ ያበቃው የአንዲት ደንበኛ ጆሮ የተቃጠለ ቀን ነው። እንደ ልማዷ አርፍዳ፣ እያለከለከች፣ ልቧ ገና መንገድ ላይ እየሮጠ ጸጉር ቤት ገባችና ትኩሱን መተኮሻ አነሳች። እጇ ተንቀጠቀጠ። የደንበኛዋ ጩኸት ማዶ ያለውን ሱቅ ሰው አስወጣ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም "እትዬ" የሚሏት ድምፀ ወፍራም ሴት፣ ሴትየዋን በቅባትና በይቅርታ ሸኝታ ስታበቃ ጠራቻት።

"ስሚ። እጅሽ ወርቅ ነው። የሚንቀጠቀጥ ወርቅ ግን ሰው ጆሮ ላይ አላስቀምጥም። ወይ ጠዋትሽን አስተካክዪ፣ ወይ እየተንቀጠቀጡ የሚሠሩበት ቦታ ፈልጊ።"

ይህ ንግግር ሌላዋን ያስለቅሳት ነበር። እሷን አስቆጣት። ሙያዋን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ መስታወት ፊት ቆማ በራሷ ጸጉር ላይ እያበላሸች እያቃናች ነው የተማረችው። ጸጉርን ያቃናች ጠዋትን ምን ይሳናታል? ጠዋቷን እንደ ተቋጠረ ሹሩባ ከሥሩ ፈታችና እንደገና ጎነጎነችው። ልብሷን ማታ ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ቁልፏን ሚስማር ላይ ሰቅላ መተኛት ጀመረች። ፀሐይ ሳትወጣ ትነሳና ሳሎኑ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ፍል ውሃ በብርጭቆ ታደርጋለች፤ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ ይዛ የማዶው ግድግዳ ቀስ በቀስ ሲነጋበት ታያለች። ስልክ የለም። ከቤት እስክትወጣ ወሬ የለም። ትንፋሿን በአፍንጫዋ በቀስታ ታስገባለች፣ በቀስታ ታወጣለች። ለቤቱ ሰው ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነበር።

"እኔ አፌን እስክከፍት ማንም አፉን አይክፈትብኝ።"

"ካልተከፈተስ?" አለ ወንድሟ።

"ያንተ ቢዘጋ ለአገር እረፍት ነው።"

እናቷ ሳቀች። አባቷም ሳቀና ሳሉ ተነሳበት።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በያጅ ነበር። የብየዳው ጭስ ደረቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ሲያስል ከሩቅ የሚጎተት ሰንሰለት ይመስላል። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን እንፋሎት አድርጎ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ሰጥቶት ነበር፤ ጠዋት እንደነቃ፣ ከምንም ነገር በፊት፣ ጭምብሉን አፍና አፍንጫው ላይ አድርጎ የሚስበው። ማሽኑ ሲነሳ ወፍጮ ነው። የሚሰካውም ሳሎን ነው፤ የመኝታ ቤቱ ሶኬት ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ ማሽኑ መስኮቱ ሥር፣ ልክ ወንበሯ አጠገብ፣ እናቷ በጠለፈችው ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ጨርቁ ለስላሳ፣ ቁመቱም ለእጅ የሚመች ስለሆነ ጸጉር ሠሪዋ ብርጭቆዋን የምታሳርፈው እሱ ላይ ነበር።

ሕጉ ከወጣ በኋላ የማሽኑ ድምፅ ጠዋት ጠዋት ጠፋ። ሳሉም ጠፋ። ተሻለው አለች በልቧ፤ ማንንም አልጠየቀችም።

እጇም ረጋ። እውነት ነው፣ ይህን ማንም አይክድባትም። መተኮሻው በጣቶቿ መካከል እንደ ላባ ሆነ። እትዬ ሙሽሮችን ለሷ መስጠት ጀመረች። ደንበኞች "ምን አግኝተሽ ነው?" ሲሏት አንገቷን ቀና አድርጋ ትሰብካለች።

"ጠዋት እኮ እንደ ጸጉር ነው የኔ እመቤት። ከላይ እየጎተትሽ ካበጠርሽው ይበጠሳል። ከታች ጀምረሽ፣ ቀስ እያልሽ ነው የሚፈታው። እናንተ ከአልጋ ትወድቃላችሁ እንጂ መቼ ትነሳላችሁ?"

"እውነቷን ነው" ይላሉ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉት፣ ባይሰሙም።

"እኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቤታችን ራሱ ነው የተፈወሰ። አባቴ ያ ሁሉ ሳል የነበረበት ሰውዬ ዛሬ ጠዋት ጠዋት አንዴ እንኳን አያስልም። እርጋታ ይጋባል!"

ይህን ንግግር አፏን ሞልታ ለስንት ሰው እንደተናገረች እሷም አታውቀውም። የመጨረሻ ጊዜ የተናገረችው አንድ ሐሙስ ነው። ያን ዕለት ወረፋ ይዘው ከተቀመጡት መካከል ከጤና ጣቢያው የመጣች ነርስ ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሻሽ ድካም የተጫናት ሴት። ተራዋ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብላ አየቻት።

"አንቺ የበያጁ ልጅ አይደለሽም እንዴ? በናትሽ መልክ አወቅኩሽ።"

"ነኝ ሲስተር! ቁርጥ እሷን ነሽ ይሉኛል።"

"እሰይ። እንኳን አገኘሁሽ። ሕመምተኛዋ እንዴት ሆነች?"

ጸጉር ሠሪዋ የያዘችውን ጸጉር ለቀቀች። "የቷ ሕመምተኛ?"

"ቤታችሁ ያለችው ናታ! እናትሽ እንባ እየተናነቃቸው ነው የነገሩኝ። ጠዋት ድምፅ የማይሆንላት ልጅ አለች፣ ማሽኑን ብናስነሳው ይብስባታል፣ ስለዚህ አባትሽ እስኪረፍድ ይቆያሉ አሉኝ። ምኗን ነው እሚያማት? ጭንቅላቷን ነው?"

የካስኩ ሹሹታ ብቻ ቀረ። ቅድም አንገታቸውን ሲነቀንቁላት የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው መልሷን ይጠብቃሉ። እውነቱ ገብቷታል፤ ወዲያው ነው የገባት። ግን ያ ምላሷ፣ ለሰው ሁሉ መልስ የማያጣው፣ ለውሸትም ፈጣን ነበር።

"አ... አዎ። ራሷን ነው። አሁን እየተሻላት ነው።"

"እህትሽ ናት?"

"ታናሼ።"

ጥግ ላይ የጸጉር መጠቅለያውን ቢጎዲን የምትለቅመው እትዬ ቀና አለች። ጸጉር ሠሪዋ ታናሽ እንደሌላት እትዬ ታውቃለች። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ጸጉር ሠሪዋ ናት ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው።

"እግዜር ይማርልሽ" አለች ነርሷ። "እኔ የምፈራው ግን አባትሽን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ደረታቸው ላይ የተጠራቀመውን የሚከፍተው እኮ የጠዋቱ መድኃኒት ነው። ባለፈው ሳዳምጣቸው ደረታቸው ያፏጫል። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠሉ አልጋ ይይዛሉ ብሏል። ቅዳሜ ወደ ሥራ ስሄድ በናንተ በር ነው የማልፈው፤ ሁለቱንም አይቻቸው ልለፍ።"

"አይ ሲስተር፣ ምን ያደክምሻል..."

"ምንም አያደክመኝ።"

ያን ጸጉር እንዴት እንደጨረሰችው አታስታውስም። ነርሷ መርቃት ወጣች። እትዬ ቢጎዲኑን ሳጥን ውስጥ እየጨመረች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ታናሽሽን መቼ ወለዷት?" አለቻት።

"እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ።"

"ተውኩሽ። እጅሽን ግን ተመልከቺው።"

ተመለከተችው። ይንቀጠቀጣል።

ማታ ቤት ስትገባ ጸጉር ቤት ነገር የምትቆርጥበት ምላሷ ደነዘባት። አባቷ ራቱን እየበላ ነበር። "እንዴት... ዋልሽ የኔ እናት?" አላት። ሁለት ቃል ይልና ያርፋል፤ ሁለት ቃል ይልና ያርፋል። እሷ ይህን ሰሞኑን አስተውላው ነበር፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰከን ያለ ሰው ሆነ ብላ። አሁን ስታየው ትከሻው ከእያንዳንዱ ቃል በፊት እንደ ሸክም ይነሳል። "ደህና" አለችና ጎረሰች። ልጠይቅ ትላለች፤ ደግሞ ጠይቃስ ምን ልትሆን? መልሱን መቼ አጣችው? ስለ ቅዳሜውም ትንፍሽ አላለችም። ምናልባት ነርሷ ያጋነነችው ነው፣ ምናልባት እናቴ ሌላ ምክንያት ነበራት፣ እያለች ኩራቷን ስታባብል አደረች።

አርብ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ተነሳች፣ ፍል ውሃዋን ይዛ ተቀመጠች። ብርጭቆውን ማሽኑ ላይ ልታሳርፍ እጇን ዘርግታ መለሰችው። ሳሎኑ እንደ ጸሎት ቤት ዝም ያለ ነበር። እስከ ትናንት ይህን ዝምታ የራሷ ሥራ ብላ ትኮራበት ነበር። አሁን ጆሮዋን ስትጥልበት ዝምታው ሰው ሰው ይሸታል፤ ከመጋረጃው ኋላ የሆነ ሰው አልጋ ላይ ሲገላበጥ ይሰማና ወዲያው ይቆማል።

ወጣች። የግቢውን በር ድምፅ እንዲሰጥ አድርጋ ዘጋችው፣ በወጥ ቤቱ ጎን ባለው ክፍተት ዞራ ተመለሰችና ውሃ ታንከሩ ኋላ ቆመች። በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ።

መጀመሪያ የሰማችው የወንድሟን ድምፅ ነው። "ሕመምተኛዋ ወጣች?"

"ቆይ፣ ጥጉን ትታጠፍ" አለች እናቷ።

"ታጥፋለች፣ ታጥፋለች። እንግዲህ ሕዝቡ ይተንፍስ!"

ቤቱ ፈነዳ። በር ተንኳኳ፣ ቧንቧ ተከፈተ፣ ድስት ከድስት ተጋጨ፣ ሬዲዮ ጮኸ፣ ወንድሟ እንደ ጡሩንባ አፍንጫውን ተናፈጠ። ከዚያ ሁሉ በላይ ሳሉ መጣ። ከንጋት ጀምሮ የታፈነ ሳል ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል፤ መሐል ላይ አየር ፍለጋ የሚያወጣው ድምፅ ጣሪያውን የሚቦረቡር ይመስላል። "ማሽኑን! ቶሎ በል!" እናቷ ናት። ሶኬቱ ተሰካ። ወፍጮው ተነሳ።

"ከንፈርህ ዛሬም ጠቁሯል" አለች እናቷ። "እነግራታለሁ። በቃኝ፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።"

"አትነግሪያትም።" አባቷ ጭምብሉን ከአፉ ሳያነሳው አልቀረም፤ ድምፁ ጠርቷል። "እጇ... ረግቶላታል። የልጅቷ ሥራ... እጇ ነው። እኔ ትንሽ... መቆየት ነው።"

"ወይ መቆየት! ሲስተርም ስንቴ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ልጄ ውሃ በጸጥታ ስለምትጠጣ ባሌ አይተንፍስ ልበላት? አፈርኩና ታማለች አልኩ።"

"ውሸት አይደለማ" አለ ወንድሟ። "አባዬ፣ ትራሱን አምጣው ፀሐይ ላይ ላድርገው። ዛሬም ነክረኸዋል።"

ጸጉር ሠሪዋ ታንከሩን ይዛ ቆማ ቀረች። የትራሱ ነገር መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ወንድሟ ትራሱን ይዞ ሲወጣ፣ እንዳያያት ጎንበስ አለችና በክፍተቱ ሾልካ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬት ግን እንዲህ ላለው ጉዳይ አትከፈትም፤ ሥራ መግባት ነበረባት።

ቀኑን ሙሉ ራስ ብቻ ስታጥብ ዋለች፤ እትዬ እጇን አይታ መተኮሻ አላስነካቻትም። አንዲት ደንበኛ ፊቷን በአረፋ መሐል ቀና አድርጋ "ያን የጠዋቱን ነገርሽን ንገሪኝ እስቲ፣ እህቴም ልትጀምር ነው" አለቻት።

"ረስቼዋለሁ" አለች።

ቅዳሜ ከወፍ ቀድማ ነቃች። ፍል ውሃ አላፈላችም። የወላጆቿን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ተቀምጦ ነበር። ትራሱን በሁለት እጁ አፉ ላይ አጥብቆ ይዞ ይስላል፤ ትከሻው ይናጣል፣ ድምፅ ግን የለም። አያት። በአንድ እጁ ትራሱን እንደያዘ ሌላውን አነሳላት፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

"ቀሰቀስኩሽ?" አለ በሹክሹክታ።

ክንዱን ይዛ ወደ ሳሎን አመጣችውና በሷ ወንበር አስቀመጠችው። ጨርቁን ከማሽኑ ላይ ገፈፈች። ጥልፉ ላይ የብርጭቆዋ ቂጥ የተወው ክብ ምልክት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገችው።

"ሰዓትሽ... ነው እኮ" አለ አባቷ።

"አባዬ፣ በእናትህ" አለችና ሰካችው።

ወፍጮው ቤቱን ሞላው። እናቷ ጸጉሯ ተበትኖ እየሮጠች ወጣች፤ "ማነው ያስነሳው? ልጅቷን..." አለችና ልጅቷን አየች፤ ጭምብሉን በሁለት እጇ አባቷ ፊት ላይ ይዛ ተንበርክካለች። ወንድሟ ከውስጥ፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ዛሬ ሕመምተኛዋ በሌሊት ወጣች እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

ብቅ ሲል አያትና ምላሱን ዋጠ።

"ሲስተር ዛሬ ትመጣለች" አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ ከማሽኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። "አባዬንም ታያለች፤ ሕመምተኛዋንም።"

እናቷ ደረቷን መታች። "ጉዴ ፈላ! ማንን አስተኝቼ ላሳያት ነው?"

"እኔ ሻርፕ ልጠምጠምና ልተኛላችሁ" አለ ወንድሟ። "ጢሜን ብቻ ሸፍኑልኝ።"

አባቷ ጭምብሉ ውስጥ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም ጮክ ብሎ ወጣ። እሷም ከንፈሯ ሊላቀቅ ነበር፤ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እሷ ሲመለከቱ አየች፤ ይህ ድምፅ ምን ያህል አስቀየማት ብለው።

"አንቺ ሥራሽ ሂጂ" አለች እናቷ ቀስ ብላ። "ቶሎ በይና ሳትመጣ ውጪ። ተሻላትና ገጠር ዘመድ ጋ ሄደች እላለሁ። የጀመርኩትን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሰው ፊት እንዳታፍሪ።"

ይህ ከሁሉ የባሰ ነበር። በሩ ተከፍቶላታል፤ ቁልፏ ሚስማሯ ላይ፣ ልብሷ ወንበሯ ላይ ነው፤ እንደ ጠዋቶቿ ሁሉ ሁሉ ነገር ተመቻችቶላታል። መውጣት ብቻ ነው። ነርሷ የዛሬውን ውሸት ብትሰማ ጸጉር ቤት ታወራዋለች፣ ሴቶቹም "እግዜር ይመስገን ለታናሽሽ" ይሏታል፣ ሕይወቷም ይቀጥላል።

"አልሄድም" አለች።

በሩ ሲንኳኳ ራሷ ናት የከፈተችው። ነርሷ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች፤ ጸጉሯ ላይ የሐሙሱ ሥራ ገና አልፈረሰም።

"እንዴት አደርሽ! እየቸኮልኩ ነው። የት አለች ሕመምተኛዋ?"

"እኔ ነኝ ሲስተር።"

"አንቺ?"

"ምንም አላመመኝም። ታናሽም የለኝም።" ፊቷ እንደ ፍም ነደደ፤ ግን ዓይኗን ከነርሷ ላይ አላነሳችም፣ ንግግሯንም አላቆመችም። "ጠዋት ጸጥ ብዬ ውሃ እጠጣለሁ። እኔ እስክወጣ ማሽኑን አያስነሱም። ሳሉንም በትራስ ነው የሚያፍነው። ለናንተ ሁሉ ተሻለው እያልኩ ስሰብክ የነበረው ይህንን ነው።"

ትቆጣኛለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ብትቆጣት ይቀላት ነበር። ነርሷ ግን በጎኗ አልፋ ገባችና ቦርሳዋን አቀበለቻት፤ "ያዢልኝ" ብቻ አለቻት።

ቦርሳውን አቅፋ መስኮቱ ሥር ቆመች። ማዶው ግድግዳ ነግቶበታል። ነርሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የአባቷን ሸሚዝ ከኋላ ገለጥ አድርጋ፣ ጀርባው ላይ አሳረፈችው።

"በሉ አባባ፣ ይተንፍሱ። በኃይል፣ ድምፅ እንዲሰማኝ አድርገው።"

አባቷ ደረቱን ሊነፋ ጀመረና ቆም አለ። ከመተንፈሱ በፊት፣ ከልማድ፣ ዞር ብሎ ልጁን አያት።